ስልክ ቁጥሩ የትኛው ፋይል ውስጥ ነው ያለው? የአንድ ትምህርት ቤት ድረ ገጽ የቲም ፋይሎች አደረጃጀት፦ የጉዳይ ጥናት

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በለገጣፎ በኩል ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም የተሠራ ድረ ገጽ አለው። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ድረ ገጽ የቲምና የቴምፕሌት (የመልክና የአቀማመጥ) ፋይሎች እንዴት እንደተዘበራረቁ፣ በኋላም እንዴት ፈር እንደያዙ የሚያሳይ መዝገብ ነው። ትምህርት ቤቱም ሆነ ሰዎቹ በስም አይጠቀሱም። ጉዳዩ የተመረጠው በጣም የተለመደ ስለሆነ ነው። በየሰፈሩ ያለ ክሊኒክ፣ ሆቴል፣ የቤት ዕቃ አምራች ተመሳሳይ ድረ ገጽ አለው፤ የሠራለት ልጅ ሥራ ቀይሯል ወይም አገር ለቅቆ ሄዷል፤ ፋይሎቹን የሚያውቅ ሰው የለም።

ትምህርት ቤቱና ድረ ገጹ

ትምህርት ቤቱ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ያስተምራል። ድረ ገጹ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ነው። ዓመቱን ሙሉ ብዙ ጎብኚ የለውም፤ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ግን የምዝገባ ቀን፣ ክፍያና ስልክ ቁጥር የሚፈልግ ወላጅ ሁሉ ይከፍተዋል። ስለዚህ ስህተት ቢኖር የሚታየው በእነዚያ ወራት ነው፤ ማንም ሰው ፋይል መነካካት የማይፈልገውም በእነዚያው ወራት ነው።

ድረ ገጹን በተለያየ ጊዜ ሦስት ሰዎች ነክተውታል። አንደኛው በክፍያ የሠራው ባለሙያ ነው። ሁለተኛው የባለቤቱ ዘመድ ሲሆን ዩኒቨርሲቲ እያለ በእረፍቱ ያሻሽለው ነበር። ሦስተኛው የአይሲቲ መምህሩ ነው፤ ኮድ መጻፍ ሥራው አይደለም፣ ነገር ግን «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ» ተብሎ ኃላፊነቱ እሱ ላይ ወድቋል። ማስታወቂያ የምትለጥፈው ደግሞ የቢሮ ጸሐፊዋ ናት።

ዎርድፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው 1.5 እትሙ ቲምን ካስገባ ጀምሮ መሠረታዊ ሐሳቡ አልተለወጠም፦ ጽሑፉ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል፣ መልኩ ቲም ፎልደር ውስጥ ባሉ ፋይሎች ይወሰናል። ቴምፕሌት የሚባሉት ፋይሎች አንድ ገጽ ራስጌው፣ መሐሉና ግርጌው እንዴት እንደሚደረደር ይናገራሉ እንጂ ራሳቸው መረጃ መያዝ የለባቸውም። እዚህ ድረ ገጽ ላይ ይህ ድንበር ከፈረሰ ቆይቷል። የትምህርት ቤቱ አድራሻ፣ ስልክ፣ የምዝገባ ቀን፣ የርእሰ መምህሩ መልእክት ጭምር ቴምፕሌት ፋይሎች ውስጥ በእጅ ተጽፈው ነበር።

ችግሩ እንዴት ታየ

በ2015 ዓ.ም. ለገጣፎ ለገዳዲ ከሌሎች የዙሪያ ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ ውስጥ ሲካተት የትምህርት ቤቱ አድራሻ ተለወጠ። መለወጥ ያለበት አንድ መስመር ጽሑፍ ነበር። የአይሲቲ መምህሩ ዳሽቦርዱ (ድረ ገጹ የሚተዳደርበት ገጽ) ውስጥ ባለው የቲም ፋይል ኤዲተር ገብቶ ግርጌውን አስተካከለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አዲሱ አድራሻ ወጣ፤ «ያግኙን» የሚለው ገጽ ላይ አሮጌው ቀረ፤ የአፋን ኦሮሞው ገጽ ላይ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሌላ አድራሻ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የስልክ ቁጥር ነው። ጸሐፊዋ ነገሩን ያስረዳችው እንዲህ ብላ ነው፦ «ወንድሜ፣ ከታች ያለውን ቁጥር አስቀይረነዋል። ምዝገባ የሚለውን ስትከፍተው ግን ላይ ያለው አሮጌው ነው። ወላጆች ሲደውሉ የሚያነሳው እኛ የማናውቀው ሰውዬ ነው፤ እሱም አሁን ተማሮ መሳደብ ጀምሯል።» የተተወው ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ተሰጥቶ ነበር። ሰውዬው መሳደቡ አይፈረድበትም፤ በነሐሴ የአንድ ትምህርት ቤት ምዝገባ ስልክ መሆን ቀላል አይደለም።

ነገሩን ወደ ትልቅ ችግር የቀየረው ግን አፕዴት ነው። ቲሙ ከዎርድፕሬስ ማውጫ በነፃ የተወሰደ ሲሆን ለረጅም ጊዜ አልታደሰም ነበር። መምህሩ ዳሽቦርዱ ላይ የቆመውን ማሳሰቢያ አይቶ አፕዴት አደረገው። ማድረግም የነበረበት ይህንኑ ነው፤ ያልታደሰ ቲም ለጥቃት ይጋለጣል። ዎርድፕሬስ ቲም ሲያድስ ግን የቲሙን ፎልደር ሙሉ በሙሉ በአዲሱ ይተካል። የተለወጡት ፋይሎች ወደ ነበሩበት ተመለሱ፣ በእጅ የተጨመሩትም ከነአካቴው ጠፉ። ድረ ገጹ ትምህርት ቤቱ ከመያዙ በፊት የነበረውን ባዶ መልክ ያዘ። የባሰው ነገር «መምህራን» የሚለው ክፍል ከዳሽቦርዱ መጥፋቱ ነው። የመምህራኑ ፎቶና የትምህርት ዝግጅት በሙሉ ተደመሰሰ ተብሎ ቢሮው ተረበሸ።

መረጃው አልተደመሰሰም ነበር። «መምህራን» የሚባለውን የይዘት ዓይነት የሚያስመዘግበው ኮድ ቲሙ ውስጥ «ፋንክሽንስ.ፒኤችፒ» በሚባለው የኮድ ፋይል ግርጌ ላይ የተለጠፈ ስለነበር፣ ፋይሉ ሲተካ ዎርድፕሬስ ያንን ዓይነት ይዘት የሚያሳይበት መንገድ አጣ። መረጃው ዳታቤዙ ውስጥ እንዳለ ተቀምጦ ነበር። ይህን ለባለቤቱ ማስረዳት ከጥገናው በላይ ጊዜ ወሰደ፤ «ጋሼ፣ ዕቃው መጋዘን ውስጥ አለ፣ የጠፋው የመጋዘኑ ቁልፍ ነው» እስኪባሉ ድረስ አላመኑም።

መጀመሪያ ማን ምን እንደነካ ማወቅ

ሆስቲንግ ድርጅቱ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ሰርቨር የሚያከራየው) የያዘው ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ ስለነበር ከአፕዴቱ በፊት የነበረው የቲም ፎልደር ተገኘ። ቀላሉ መንገድ እሱን መልሶ መጫንና መሄድ ነበር። ያ ግን ትምህርት ቤቱን ለሚቀጥለው አፕዴት ተመሳሳይ አደጋ አሳልፎ መስጠት ነው። አሮጌው ፎልደር ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ፣ ቀጥታው ድረ ገጽ ሳይነካ ምርመራው ተጀመረ።

የምርመራው ዘዴ ቀላል ነው፣ ነገር ግን ብዙ ሰው ሲጠቀምበት አይታይም። የማንኛውም ቲም ቀለምና መልክ የሚወስነው «ስታይል.ሲኤስኤስ» ፋይል አናት ላይ የቲሙ ስምና የእትም ቁጥር ተጽፏል። ያንኑ እትም ንጹሑን ከዎርድፕሬስ ማውጫ ማውረድ ይቻላል፤ ማውጫው የቆዩ እትሞችን ያስቀምጣል። ከዚያ ሁለቱን ፎልደሮች ዊንመርጅ በሚባል ፕሮግራም ጎን ለጎን ማወዳደር ነው። ፕሮግራሙ የተመሳሰለውን ፋይል ይተወዋል፣ የተለያየውን መስመር በቀለም ያሳያል። ሰዎቹን አፈላልጎ ከመጠየቅ ይህ ይሻላል። ሰው የነካውን ይረሳል፣ ንጽጽሩ አይረሳም።

ንጽጽሩ ፋይሎቹን በሦስት ከፈላቸው። አብዛኞቹ ጭራሽ አልተነኩም። ጥቂቶቹ ውስጣቸው ተለውጧል። ቀሪዎቹ ዋናው ቲም ውስጥ የሌሉ፣ የተጨመሩ ናቸው። ሥራው ሁሉ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቡድን ላይ እንደሆነ ሲታወቅ ነገሩ ቀለለ፤ መጀመሪያ ሲታይ ጫካ የመሰለው ፎልደር ውስጥ የትምህርት ቤቱ የራሱ የሆነው ጥቂት ነበር።

የተጨመሩት ፋይሎች ስም ብቻውን ታሪክ ይናገራል። «ሄደር-ኒው»፣ «ሄደር-ፋይናል»፣ «ሄደር-ፋይናል2»፣ «ፔጅ-ኮፒ»፣ «ፉተር-ኦልድ-ዶንት-ዲሊት» የሚሉ ነበሩ። ትርፍ የሚመስለውን ማጥፋት ያጓጓል። ዎርድፕሬስ ላይ ግን አንድ ቴምፕሌት ራስጌውን ሲጠራ ስም ጨምሮ መጥራት ይችላል፤ «ጌት ሄደር» ብሎ በቅንፍ «ፋይናል» ካለ «ሄደር-ፋይናል.ፒኤችፒ» ይመጣል፣ ምንም ካላለ ዋናው «ሄደር.ፒኤችፒ» ይመጣል። ፍለጋ ሲደረግ አብዛኞቹ ገጾች ዋናውን ራስጌ ሲጠሩ የምዝገባው ቴምፕሌት ብቻ «ፋይናል» የሚለውን ይጠራ ነበር። የጸሐፊዋ ቅሬታ ምክንያቱ ይኸው ነው፦ ትምህርት ቤቱ ሁለት ራስጌ ነበረው፣ አሮጌ ቁጥር የቀረበት ደግሞ ወላጆች በብዛት የሚከፍቱት ላይ ነው። «ፋይናል2» ግን ማንም አይጠራውም። ስሙ መጨረሻ መስሎ የታየው ፋይል ሙት ነበር፣ መካከለኛው ሕያው።

ቋንቋውም እንዲሁ ነበር። ለአፋን ኦሮሞ ገጾች እያንዳንዱ ቴምፕሌት ተቀድቶ ቃላቱ ብቻ ተቀይረዋል። አማርኛው ላይ የተደረገ ማንኛውም ማስተካከያ ሁለተኛ ጊዜ መደገም ነበረበት፤ አልተደገመም። አድራሻው ሦስት ዓይነት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓመተ ምሕረቱ

ከተገኙት ሁሉ በጣም አስተማሪው ዓመተ ምሕረትን የሚያወጣው መስመር ነው። ግርጌውና ራስጌው ላይ ዓመቱ በራሱ እንዲቀየር ኮዱ የፈረንጁን ዓመት ወስዶ 8 ይቀንሳል። ይህ ከፈረንጅ አዲስ ዓመት እስከ ጳጉሜን ድረስ ልክ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ግን ልዩነቱ 7 ስለሆነ ዓመቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በመስከረም 2017 የተከፈተ ገጽ 2016 ይላል። ትምህርት ቤት ደግሞ አዲሱን ዓመት የሚጀምረው በመስከረም ነው።

ይህን ያየ አንድ ሰው በመስከረም ወር ገብቶ 8ን ወደ 7 ቀይሮታል፤ የቀየረው ግን ሁለተኛው ራስጌ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ምዝገባው ገጽ አናት ላይ 7 ይቀነሳል፣ ግርጌው ላይ 8። ዓመቱን ሙሉ አንዱ ልክ ነው፣ ሌላው ስህተት ነው፤ በመስከረም 1 እና በታኅሣሥ መጨረሻ ተራ ይለዋወጣሉ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ገጽ ላይ አብረው እየታዩ ማንም እንዴት ሳያስተውል ቀረ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ ግርጌ የሚያነብ ሰው የለም ነው።

መፍትሔው ቀኑን በእጅ ማስላት መተው ነው። ዎርድፕሬስ የተጻፈበት የፒኤችፒ ቋንቋ ላይ «ኢንትል» የሚባለው ተጨማሪ ክፍል የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ ቀኑን ከነወሩ ስም በአማርኛ ያወጣል፣ ጳጉሜንንም አይስትም። ሆስቲንጉ ላይ መኖሩ ተረጋግጦ አንድ ቦታ ላይ አንድ ትንሽ ፋንክሽን ተጻፈ፤ ቴምፕሌቶቹ ሁሉ እሱን ብቻ ይጠራሉ። በተጨማሪ የድረ ገጹ የሰዓት ክልል አዲስ አበባ ተደረገ። አሮጌው ኮድ በግሪንዊች ሰዓት ስለሚያሰላ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የሚለጠፍ ነገር የትናንት ቀን ይይዝ ነበር። በዚያ ሰዓት የሚለጥፍ ሰው ባይኖርም፣ ለመስተካከል የፈለገው አንድ ምርጫ ብቻ ነበር።

እያንዳንዱ ነገር የት ይኑር

ፋይሎቹን ከማዘዋወር በፊት አንድ ጥያቄ ተቀመጠ፦ ይህን ነገር የሚቀይረው ማን ነው? በመልሱ መሠረት ሁሉም ነገር ወደ ሦስት ቦታ ተላከ።

ቢሮው በራሱ ውሳኔ የሚቀይረው ነገር፣ ማለትም አድራሻ፣ ስልክና የምዝገባ ቀን፣ ከፋይል ወጥቶ ዳሽቦርዱ ላይ «የትምህርት ቤቱ መረጃ» የሚል አንድ የቅንብር ገጽ ውስጥ ገባ። ጸሐፊዋ ባዶውን ሳጥን ትሞላለች፣ ታስቀምጣለች፤ ቴምፕሌቶቹ ከዚያ ያነባሉ። ይህን «ካስተማይዘር» በሚባለው የቲሙ ማስተካከያ ውስጥ ማድረግም ይቻል ነበር፤ እዚያ የሚገባ ነገር ግን በአብዛኛው ከዚያው ቲም ጋር ታስሮ ስለሚቀመጥ ቲም ሲቀየር አይከተልም። የትምህርት ቤት ስልክ ከቲም ጋር መታሰር የለበትም።

ቲሙ ቢቀየርም መኖር ያለበት ነገር፣ ማለትም የ«መምህራን» ይዘት፣ የምዝገባ ቅጹን የሚቀበለው ኮድ፣ የቀን ፋንክሽኑና የቅንብር ገጹ ራሱ፣ ለትምህርት ቤቱ በተጻፈ አንድ ትንሽ ፕለጊን (ዎርድፕሬስ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ውስጥ ተቀመጡ።

መልክ ብቻ የሆነው ወደ ቻይልድ ቲም ሄደ። ቻይልድ ቲም ከዋናው ቲም ጎን የሚቀመጥ የራሱ ፎልደር ያለው ነው፤ ዎርድፕሬስ አንድን ቴምፕሌት ሲፈልግ መጀመሪያ እዚያ ያያል፣ ካጣ ወደ ዋናው ይሄዳል። ዋናው ሲታደስ ቻይልዱን የሚነካው የለም። የሚፈልገው «ስታይል.ሲኤስኤስ» ውስጥ ዋናውን የሚጠራ አንድ መስመር ነው። እዚያ የሚጻፈው የዋናው ቲም የፎልደር ስም ነው፣ ዳሽቦርድ ላይ የሚታየው ስም አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚቆምበት እዚህ ላይ ነው። ሌላው ወጥመድ «ፋንክሽንስ.ፒኤችፒ» ነው። ሌሎች ፋይሎች ሲተኩ ይህ አይተካም፤ የቻይልዱ ቀድሞ፣ የዋናው ተከትሎ ሁለቱም ይነበባሉ። የዋናውን እንዳለ ቀድቶ የለጠፈ ሰው አንድ ፋንክሽን ሁለት ጊዜ ታወጀ የሚል ስህተት ይገጥመዋል፣ ድረ ገጹም ይቆማል።

የፎልደሩ አቀማመጥ

ቻይልድ ቲሙ ውስጥ ዎርድፕሬስ በስማቸው የሚፈልጋቸው ፋይሎች ፎልደሩ አናት ላይ ቀሩ። ዎርድፕሬስ ለአንድ ገጽ ፋይል ሲመርጥ ከልዩ ወደ አጠቃላይ ይወርዳል፦ መጀመሪያ ለገጹ በእጅ የተመረጠ ቴምፕሌት፣ ከዚያ በገጹ የአድራሻ ስም የተሰየመ፣ ከዚያ በመለያ ቁጥሩ፣ ከዚያ «ፔጅ»፣ «ሲንጉላር»፣ በመጨረሻ «ኢንዴክስ»። እነዚህን ለማማር ሲባል ንዑስ ፎልደር ውስጥ ማስገባት አያስኬድም፤ እዚያ አይፈልጋቸውም።

ከዚያ ውጭ ያለው ተደለደለ። በእጅ የሚመረጡት እንደ ምዝገባ ያሉ ቴምፕሌቶች «ፔጅ-ቴምፕሌትስ» ውስጥ ገቡ። በብዙ ገጽ የሚደጋገሙ ቁርጥራጮች፣ የስልክና አድራሻ ሳጥኑ፣ የመምህር ካርዱ፣ የማስታወቂያ ረድፉ፣ «ቴምፕሌት-ፓርትስ» ውስጥ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተጻፉ። ፎንት፣ ሲኤስኤስና የቲሙ ሥዕሎች «አሴትስ» ውስጥ ናቸው። ተማሪዎች የወርቅ ሜዳሊያ ሲወስዱ የተነሱ ፎቶዎች እዚያ ተቀላቅለው ተገኝተው ነበር፤ እነሱ ይዘት ስለሆኑ ወደ ሚዲያ ክፍል ተዛወሩ። የአማርኛ ፎንቱ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ከሌላ ሰርቨር ከመጥራት እዚሁ ተቀመጠ። የሁለቱ ቋንቋ ቴምፕሌቶች ወደ አንድ ተመልሰው ቃላቱ «ላንጉዌጅስ» ውስጥ ባሉ የትርጉም ፋይሎች ሆኑ።

ከዋናው ቲም የተቀዱት ጥቂት ፋይሎች አናታቸው ላይ ከየትኛው እትም እንደተቀዱ ተጻፈባቸው። ቻይልድ ቲም ውስጥ ያለ ቅጂ ዋናው ሲታደስ አብሮ አይታደስም፤ ስለዚህ የሚቀዳው ፋይል ባነሰ መጠን ይሻላል። መልክ ብቻ ለመቀየር ሲኤስኤስ ከበቃ ፋይሉን አለመቅዳት ነው።

ስሞቹ ሁሉ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ሆኑ። የገጽ አድራሻም እንደዚያው። በአማርኛ የሚጻፍ የገጽ አድራሻ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ሥርዓት ሦስት ባይት ይይዛል፣ ወደ አድራሻ ሲለወጥ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። ዎርድፕሬስ ለገጽ አድራሻ የሚሰጠው ቦታ 200 ምልክት ስለሆነ 22 ፊደል አካባቢ ላይ ይቆረጣል። ከዚያ የረዘመ የማስታወቂያ ርእስ መጨረሻው ተቆርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ አድራሻ ስም ቴምፕሌት ፋይል መሰየም ራስን ማስቸገር ነው።

ያልሠራው

ቴምፕሌቶቹ ወደ «ፔጅ-ቴምፕሌትስ» ሲዛወሩ ገጾቹ አልተከተሉም። ዎርድፕሬስ እያንዳንዱ ገጽ የመረጠውን ቴምፕሌት ከነፎልደሩ ስም ዳታቤዝ ውስጥ ይመዘግባል። ፋይሉ ቦታ ሲለውጥ ምዝገባው ወደ ባዶ ያመለክታል፤ ገጹ ስህተት ሳያሳይ ዝም ብሎ ተራውን መልክ ይይዛል። እያንዳንዱ ገጽ ተከፍቶ ቴምፕሌቱ እንደገና መመረጥ ነበረበት። ችግሩን ያወጣው «ኩዌሪ ሞኒተር» የሚባለው ነፃ ፕለጊን ነው፤ የተከፈተው ገጽ በየትኛው ፋይል እንደተሠራ አናቱ ላይ ያሳያል።

ቻይልድ ቲሙ ሲነቃ የቀድሞው ቀለምና አርማ አብሮ አልመጣም፤ ከዋናው ቲም ስም ጋር የተያዙ ነበሩና። እነሱን መልሶ ማስገባት ግድ ነበር።

የአይሲቲ መምህሩ አንድ ቁርጥራጭ ፋይል ስሙን በትልቅ ፊደል ጀምሮ ፈጠረ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ ስለሆነ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ሁሉ ነገር ሠራ። ሰርቨሩ ሊኑክስ ስለሆነ ይለያል። ከሁሉ የሚያናድደው ዎርድፕሬስ ቁርጥራጭ ፋይል ሲያጣ አለመጮኹ ነው፤ ቦታውን ባዶ ትቶ ያልፋል። የአድራሻ ሳጥኑ ቀጥታው ድረ ገጽ ላይ ጠፍቶ ላፕቶፑ ላይ ነበረ።

ፋይል ወደ ሰርቨር መላክም የአካባቢው ነገር ነው። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ ይሄዳል፤ ፎልደሩ አንድ በአንድ እየተላከ ከተቋረጠ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ቲም ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ዚፕ ተጭኖ ሰርቨሩ ላይ እንዲፈታ ተደረገ።

ሙሉ በሙሉ ያልተፈታው በፔጅ ቢልደር (ገጽን በመጎተት የሚሠራ ፕለጊን) የተሠሩ የቆዩ ገጾች ናቸው። እዚያ አቀማመጡም ጽሑፉም ተደባልቆ ዳታቤዝ ውስጥ ስላለ የቴምፕሌት ማደራጀት አይደርስበትም። የክፍያ ሰንጠረዡና የታሪክ ገጹ በነበሩበት ቀሩ፤ ጸሐፊዋ ክፍያ ሲቀየር ሰንጠረዡን አሁንም በእጅ ታስተካክላለች።

አዲስ የብሎክ ቲም መውሰድም ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በወጣው 5.9 እትም ጀምሮ ዎርድፕሬስ መላውን ድረ ገጽ ከዳሽቦርድ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ይህ ለብዙ ሰው መልካም ነገር ነው። እዚያ ግን ቴምፕሌት ከዳሽቦርድ ሲቀየር ለውጡ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጥና ፋይሉን ይሸፍነዋል፤ በኋላ ፋይሉን የሚያስተካክል ሰው ለምን ምንም እንዳልተለወጠ አይገባውም። ሰው በሚቀያየርበት ቢሮ ይህ ያንኑ የድሮ ጥያቄ መልሶ ያመጣል። ስለዚህ ተተወ።

ምን ተገኘ

በተከታዩ የምዝገባ ወቅት ጸሐፊዋ ስልኩንና ቀኑን ራሷ ቀየረች፤ በሁለቱም ቋንቋ፣ በሁሉም ገጽ ተለወጠ። ዋናው ቲም ሲታደስ ምንም አልጠፋም። ዳሽቦርድ ውስጥ ያለው የፋይል ኤዲተር በአንድ መስመር ቅንብር ተዘግቷል። የአይሲቲ መምህሩ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ አሁን ለውጡን ላፕቶፑ ላይ ሞክሮ ለውጥን በሚመዘግበው የጊት ፕሮግራም እየመዘገበ ይልካል። የተጻፈው አጭር መመሪያ ብዙም አልተነበበም። የሚነበበው በየፋይሉ አናት ላይ ያለው አንድ መስመር ማብራሪያ ነው።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

የተዘበራረቀ ቲም ሲረከቡ አዲስ ከመጀመር በፊት ከንጹሑ እትም ጋር ማወዳደር ብዙ ድካም ያስቀራል። ይህ የሚሠራው ቲሙ ንጹሕ ምንጭ ሲኖረው ነው። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሌለ በቴሌግራም የተላለፈ የተሰነጠቀ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) የክፍያ ቲም የያዘ ድረ ገጽ ከሆነ የሚወዳደርበት ነገር የለም፤ ውስጡ ማን ምን እንደጨመረም አይታወቅም። እንዲህ ያለውን ማደራጀት ሳይሆን በነፃ ቲም መተካት ነው የሚሻለው።

ፋይል በዓይነት ብቻ መደርደር አይበቃም። ሲኤስኤስን ከሲኤስኤስ፣ ሥዕልን ከሥዕል ጋር ያስቀመጠ ፎልደር ሥርዓት ያለው ይመስላል፣ ስልክ ቁጥሩ ግን አሁንም አምስት ቦታ ሊሆን ይችላል። ማን ይቀይረዋል የሚለው ጥያቄ ይቅደም።

ስሙ «አሮጌ» የሚል ፋይል ሙት ነው ብሎ ማጥፋት አይገባም፤ ማን እንደሚጠራው ፈልጎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። «አዲስ» የሚለውም ሕያው ነው ማለት አይደለም።

ጊዜውን በተመለከተ ትምህርት ቤት ላይ ይህ ሥራ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ቢሠራ ይመረጣል። የቀን ኮድ ያለበት ከሆነ ግን ላፕቶፑ ላይ ቀኑን ወደ ጳጉሜን፣ ወደ መስከረምና ወደ ታኅሣሥ መጨረሻ እየወሰዱ መሞከር ግድ ነው፤ በሚያዝያ የተሞከረ የዓመተ ምሕረት ኮድ 8 ቢቀንስም ልክ ሆኖ ያልፋል።

ርክክቡ ላይ ደግሞ ኮድ ከማሳየት ይልቅ ጸሐፊዋን ከኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጦ «የምዝገባ ቀኑን ቀይሪው» ማለት በቂ ፈተና ነው። እዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ወደ «ገጾች» ሄዳ ፈለገችው፤ ስለዚህ የቅንብር ገጹ ከሜኑው ሥር ወጥቶ ዳሽቦርዱ አናት ላይ ተቀመጠ።